ከጉልበት ከፍ ያለ ወንበር

ጋሽ ነገና ከቀዶ ጥገናው ማግስት ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያስተዋለው ሕመሙን ሳይሆን በጉልበቶቹ መካከል የተወተፈውን ትራስ ነበር። ወፍራም፣ ደረቅ ትራስ ነው፤ እግሮቹ እንዳይገጥሙ በማሰሪያ ከሁለቱም ጭኖቹ ጋር ጠፍረውታል። ይህ ሰው በጉልበቶቹ መካከል ጫማ ሳይዝ የዋለበት የሥራ ቀን የለም። ማስታገሻውና እንቅልፉ በቅጡ ባልለቀቁት ጭንቅላቱ ትራሱን ጫማ አደረገውና እንደ ልማዱ ጠበቅ አድርጎ ያዘው። ሕመሙ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከዳሌው ተነስቶ ጥርሱ ሥር የሚገባ ሕመም ነበር፤ «ወይኔ እናቴን!» ብሎ ጮኸ።

«ጉልበትህን አትግጠም ተብለሃል እኮ» አለው ከጎኑ አልጋ ያለው ሰውዬ። «ነርሷ ስትነግርህ ‹እሺ፣ ነገ› ነው ያልካት። ምኑን ነው ነገ የምታደርገው፣ አንተ ሰው?»

ሰውዬው ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ዕድሜ ልኩን ገደል ለገደል ሲነዳ አንድ ቀን ሳይጫር ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በዓመቱ የገዛ ቤቱ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሸራቶት ጭኑን ሰበረ። ለዚህ ነገር ከሳቅ በቀር ሌላ መልስ ስላላገኘለት ይስቃል። በክፍሉ ውስጥ ሁሉም ሾፌሩ ነው የሚሉት።

«ነገ» የምትለው ቃል ከጋሽ ነገና አፍ ጠፍታ አታውቅም። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱ በቀር የሚጠራው የለም። ጫማ ሰፊ ነው። ጫማ የሰጠው ሁሉ «መቼ ልምጣ?» ሲለው «ነገ ና» ይላል፤ ሰውዬው በነገው ሲመጣም «ነገ ና» ይላል፤ ስሙንም ያወጡለት በዚህ የተማረሩ ደንበኞቹ ናቸው። ይቆጡታል፣ ይሰድቡታል፣ ሌላ ሰው ጋ እወስደዋለሁ ብለው ይዝቱበታል፤ ግን አይወስዱትም። ጋሽ ነገና በመጨረሻ የሰፋው ጫማ ሁለተኛ አፉን አይከፍትማ! ደግሞም «ይሄ አይሆንም» ብሎ ጫማ መልሶ አያውቅም። ሌላው ሁሉ «ጣለው፣ ይሄ አብቅቶለታል» ያለውን ጫማ እሱ ያገላብጠዋል፣ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፣ እንደ በሽተኛ አጠገቡ አስቀምጦ ይተክዝለታል። ከዚያ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «ነገ ና» ይላል። እሱ «ነገ ና» ካለ ጫማው ተርፏል ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

የሚሠራው አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር ነው። ድሮ መጥረጊያና ባልዲ የሚከተትበት ጎሬ ነበር። ጣሪያው የደረጃው ሆድ ነው፤ በበሩ በኩል ትንሽ ከፍ ይልና ወደ ውስጥ በገባህ ቁጥር እየወረደ ይመጣብሃል። እዚያ ውስጥ መቆም የሚባል ነገር የለም። እሱ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ይዞራል፣ በርጩማዋ ላይ ዱብ ይላል። በርጩማዋን የወረሳት ሙያውን ካስተማረው አጎቱ ነው፤ ከመሬት ከፍታዋ ከአንድ ስንዝር ብዙ አይበልጥም፤ ቆዳዋ የአጎቱን መቀመጫ ረስቶ የሱን ከለመደ ቆይቷል። እዚያች ላይ ሲቀመጥ ጉልበቶቹ ደረቱ ጋ ይደርሳሉ። ጫማውን በጉልበቶቹ ይቆነጥጣል፣ በላዩ ድፍት ይላል፣ ወስፌውን ይሰዳል። እጁ መንገድ ያሳያል እንጂ የሚወጋው ደረቱ ነው፤ ለጠየቀው ሁሉ የሚለው እንዲህ ነው።

ከዚያ ዝቅታ ሆኖ ሰውን የሚያውቀው ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። ከደረጃው የሚወርደውን ሁሉ በኮቴው ይለያል። «የሦስተኛው ፎቅ አስተማሪ ግራ ተረከዟ ሊወልቅ ነው» ይላል፤ ሳምንት ሳይሞላ ይወልቃል። መንገድ ላይ ፊት ለፊት ቢያገኛት ግን ሰላም ሳይላት ያልፋል፤ ፊቷን የት ያውቀዋል? በዚህ ምክንያት ኩሩ ነው ብለው የሚያሙት አሉ። እንዲህ ያለ ኩራት!

የዳሌው ነገር ድንገት የመጣ አይደለም። መጀመሪያ ከበርጩማዋ መነሳት አቃተው። አመሻሽ ላይ ሚስቱ እየመጣች በሁለት እጇ ስባ ታወጣው ጀመር፤ «እንደ መንጋጋ ጥርስ ስነቅልህ ላልቅ ነው!» እያለች። ካወጣችው በኋላ ያለቁትን ጫማዎች አንስታ ታያቸውና ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምትለው፤ «ጠሟል»። የጠመመ ነገር የለም። እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። ከተጋቡ ጀምሮ ሥራውን አመስግናው አታውቅም፤ ስታንቋሽሸው ነው ፍቅሯን የሚያውቀው። ኋላ ግን መነሳቱ ብቻ ሳይሆን መቀመጡም መከራ ሆነበት፤ ጫማው ተከመረ፣ «ነገ ና» የሚለውም ነገ አልባ ሆነ። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የቀኝ ዳሌው መገጣጠሚያ ተበልቶ አጥንት ከአጥንት ጋር እየተፋጨ መሆኑን በፎቶ አሳዩት።

ቀዶ ሐኪሙ ለስላሳ፣ አንደበተ ቁጥብ ሰው ነው። «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ጫማ እሰፋለሁ። ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው።»

«በጣም ጥሩ! ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ይመቻል።»

«ስለዚህ ተመልሼ ቁጭ እላለሁ?»

«እንዴታ! ያውም ያለ ሕመም።»

ሐኪሙ በልቡ ያየው ወንበር ነበር። ጋሽ ነገና ያየው በርጩማዋን ነበር። አንዳቸውም አልዋሹም፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተጨባበጡ። ጋሽ ነገና ደግሞ ስለትና መርፌ የሚፈራ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲወጋ የሚውል ሰው እሱን ሊወጉት ሲሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚስቱን እጅ ይይዛል። ቀዶ ጥገናውን እሺ ያለው ለመራመድ ብሎ አይደለም፣ ለዕድሜ ብሎም አይደለም። ወደዚያች በርጩማ ለመመለስ ብሎ ነው።

ያደነዘዙት ከወገቡ በታች ብቻ ስለነበር ጆሮው ነቅቶ ነበር። ፊቱ ላይ በጋረዱት ጨርቅ በስተጀርባ የመዶሻ ድምፅ ሰማ። አንዱ ይመታል፣ ይመታል፤ መጀመሪያ ድፍን የነበረው ድምፅ እየቀጠነ ሄዶ ጥርት አለ። «ያዘ» አለ ጋሽ ነገና በልቡ፤ ምስማር ሥር ሲይዝ እንደዚያ ነው የሚጮኸው። ባልደረባ ያገኘ ያህል ደስ አለው። ሶል እየመቱልኝ ነው ብሎ እዚያው በጀርባው እንደተንጋለለ ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ያን የመሰለ ፈገግታ ፊቱ ላይ አልታየም።

ትራሱን ጫማ ባደረገበት ጠዋት፣ ቁርስ እንደተነሳ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጣች። ደልደል ያለች፣ እጅጌዋን የሰበሰበች፣ ልመናም ሆነ ማቃሰት የማይበግራት ወጣት ናት፤ በሽተኞቹ አሰልጣኟ ይሏታል።

«እንዴት አደሩ ጋሼ? ዛሬ እንቆማለን። ከዚያ በፊት ግን ሕጉን ልንገርዎት። ሕጉን ካፈረሱ ዳሌዎ ውስጥ የተተካው ብረት ከቦታው ይወጣል፤ ከወጣ የዛሬው ሕመም ይናፍቅዎታል። እግርዎን አያነባብሩም። ጎንበስ ብለው ከመሬት ምንም አያነሱም፤ ጫማዎን እንኳ ሰው ነው የሚያጠልቅልዎት። ጉልበትዎ ከዳሌዎ በላይ የሚወጣበት ቦታ ላይ ደግሞ አይቀመጡም። ወንበርዎ ሁሌም ከጉልበትዎ ከፍ ያለ ይሁን። እሺ?»

እሺ፣ እሺ ሲል የነበረው ጋሽ ነገና የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ከትራሱ ቀና አለ። «በርጩማስ?»

«የምን በርጩማ?»

«ይቺን ታህላለች» አለና ስንዝሩን ዘረጋላት።

ልጅቱ ሳቀች። ክፋት አልነበረባትም፤ የቀለደ መስሏት ነው። «እሱንማ ይርሱት ጋሼ! እዚያ ላይ እኔም ብቀመጥ በክሬን ነው የሚያነሱኝ።»

ሾፌሩም ሳቀ። ጋሽ ነገና ግን ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ጠየቃት። እሷም አሁን ፊቱን አየችውና ሳቋን ሰበሰበች። ዶክተሩን ይጠይቁ አለችው።

ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ አስይዛ አቆመችው። ቁስሉ ይጠዘጥዘዋል፣ ጭንቅላቱ ይዞርበታል፤ ያ አጥንት ከአጥንት የሚፋጨው አሮጌው ሕመም ግን የለም። እግሩን ቢያነሳ የለም፣ ቢጥል የለም። ኮሪደሩን ይዞ ሲሄድ ነርሶቹ «ጎበዝ!» አሉት፣ በር ላይ የቆመች አንዲት አስታማሚ አጨበጨበችለት። «ወደ ታች አይዩ፣ ፊት ለፊት ይዩ» እያለች አሰልጣኟ ከኋላው ትከተለዋለች። ፊት ለፊት ሲያይ ደግሞ ፊት ብቻ ነው የሚያየው፤ አፍንጫ፣ መነጽር፣ ጺም። የማን ፊት እንደሆነ የማያውቀው ፊት ሁሉ ወደ እሱ ይመጣና ያልፋል። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ እንኳ ማስረዘሚያ ጭነውበታል። ዓለም በአንድ ቀን ተነስታ ከፍ ከፍ አለችበት፤ እሱ የሚያውቃት ታችኛዋን ነበር። የሚያጨበጭቡለት ሰዎች ደግሞ መራመዱን ነው የሚያሞግሱት። መራመድ ለሱ ምኑ ነው? እሱ የተራማጆች ጫማ ሰፊ እንጂ ተራማጅ ሆኖ አያውቅም።

ቀዶ ሐኪሙ ሊጎበኘው ሲመጣ ቁስሉን አየ፣ ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ አለው፣ ደስ አለው። ሊሄድ ሲል ጋሽ ነገና ጠራው።

«ዶክተር፣ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው ብዬዎት ነበር።»

«አስታውሳለሁ። በቅርቡ ይቀመጣሉ፤ ምን ችግር አለ?»

«በርጩማ ላይ ነው እኮ።» ስንዝሩን ለሱም ዘረጋለት።

ሐኪሙ ያንን ስንዝር አየው። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሩጫ የማያጣው ቀዶ ሐኪም ወንበር ስቦ ከተቀመጠ ደግ ነገር እንደማያወራ ጋሽ ነገና ወዲያው ገባው።

«ቀኑን ሙሉ?»

«ጠዋት ገብቼ አመሻሽ ላይ ነው የምወጣው። ጫማውን በጉልበቴ ይዤ፣ ላዩ ላይ ተደፍቼ።»

«አንዳንዱ ክልከላ ለጊዜው ነው፤ ወራት ሲያልፉ ይላላል። ይሄ ግን…» ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «አልዋሽዎትም። በዚያ ዝቅታ፣ በዚያ አደፋፍ፣ ቀኑን ሙሉ ከሆነ ይወጣል። አንዴ የወጣ ደግሞ መውጣት ይለምዳል። የግራውም መበላት ጀምሯል፤ ፎቶው ላይ አይቼዋለሁ።»

«ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ…»

«ብነግርዎትም አጥንቱ ያው ነበር። እንደዚያ ሆነው ብዙ አይቀመጡም ነበር።»

ይህ እውነት ነው፤ ነገሩን ያከፋውም እውነት መሆኑ ነው። የሚቆጡት ሰው እንኳ ሲታጣ ምን ይባላል? ሐኪሙ ቢያንስ ቢያመናጭቀው ኖሮ በሱ ይተነፍስ ነበር። ሰውዬው ግን እጁን ክንዱ ላይ አሳርፎ፣ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ቢሠሩስ ብሎ ከልቡ ጠየቀው።

«ጠረጴዛ ጫማ አይዝም፣ ዶክተር» አለ ጋሽ ነገና፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከሰዓት ሚስቱ መጣች። በሆስፒታሉ ነጠላ ጫማ መራመድ ያንሸራትታል ተብሎ የገዛ ጫማውን ከቤት እንድታመጣ ታዝዛ ነበር፤ ቡናማ፣ ባለ ማሰሪያ ጫማ ነው፤ ራሱ ሁለቴ ሶል የመታለት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጁን ወደ እግሩ ሰደደ፤ ሕጉ ትዝ አለውና መለሰው። ሚስቱ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ከፊቱ ተንበረከከችና ጫማውን አጠለቀችለት። ማሰሪያውን ታስራለች። ከላይ ሆኖ የሚያየው ፀጉሯን ነው፤ መሐል አናቷ ላይ ሽበቱ እንዲህ መብዛቱን አላወቀም ነበር። ስንቱን እግር በእጁ ሲይዝ የኖረ ሰው ዛሬ የገዛ እግሩን አጣው። እንዳያለቅስ ዓይኑን ከፀጉሯ ላይ አነሳና ከኋላዋ ወዳለው ወለል ላከው።

እዚያ ደግሞ የሷ ጫማ አለ። ተንበርክካ ስለነበር ሶሉ ወደሱ ዞሯል፤ የቀኙ በውጭ ጎኑ በኩል አፉን ከፍቷል። ያውቀዋል፤ ከተከፈተ ቆይቷል። በጠየቀችው ቁጥር «ነገ» ሲላት ነው የከረመው። «የሰው ሁሉ ጫማ አልቆ የኔ ተራ ሲደርስ ያኔ እግር አይኖረኝም» ትለው ነበር እየሳቀች።

«ስሚ» አላት። «ወስፌዬንና ክሩን ነገ ይዘሽልኝ ነይ። ሰሙንም።»

«አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል? አልጋ ላይ እኮ ነህ።»

«ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ከፍ ያለ ነው የተባለው? ከፍ ያለ ላይ እቀመጣለሁ። ጫማሽን እሰፋልሻለሁ።»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ባሏ ገና ስትገባ ነግሯታል፤ ያን ያህል ሲያማርር ከቆየ በኋላ ዓይኑ ውስጥ አንዲት ብልጭታ ስላየች እምቢ ማለት አልሆነላትም። ዘዴም አሰበች፤ ደረጃው ሥር ከፍ ያለ ወንበር ብናስገባስ አለችው። ጭንቅላቴን ለደረጃው ልገብር ነው አላት። ሌላ ቦታ እንፈልጋለና አለችው። መጀመሪያ እጄ እሺ ይበል አላት።

በማግስቱ ወስፌውን በፎጣ ጠቅልላ አመጣችው። ሾፌሩ ነገሩ ሲገባው ሰፊ ሳቅ ሳቀና በሩን እኔ እጠብቃለሁ አለ፤ አሰልጣኟ ብቅ ስትል ሊያስል ተስማሙ። ጋሽ ነገና መስኮቱ አጠገብ ባለው፣ ትራስ ተደራርቦበት ከፍ ባለው ወንበር ላይ ተደላደለ። በጉልበቶቹ መካከል ያንን የማይቀረውን ትራስ ወተፉበት። ሚስቱ የቀኝ ጫማዋን አውልቃ ሰጠችውና በካልሲዋ ቆመች።

ጫማውን ሲጨብጥ እጁ አወቀው። ክሩን ሰም ቀባው፣ በጣቱ ሳበው፣ ጫፉን አሾለው። እዚህ ድረስ የሱ እጅ ነበር። ከዚያ ጫማውን ጭኑ ላይ አኖረው፤ ጫማው ተንሸራተተ። በጉልበቱ ሊቆነጥጠው አለ፤ ትራሱ አለ። የምግብ ማቅረቢያውን ጠረጴዛ አስጠግቶ እሱ ላይ አደረገው፤ ወስፌውን ሲጫን ጠረጴዛው በጎማው ተንከባሎ ወደ ሾፌሩ ሄደ። «መንጃ ፈቃድ የሌለው ጠረጴዛ!» አለ ሾፌሩ፤ ሦስቱም ሳቁ። የዚያ ቀን የመጨረሻው ሳቅ ይህ ነበር።

«ያዢልኝ እስቲ» አላት።

ሚስቱ ጫማውን በሁለት እጇ ጠፍንጋ ያዘችለት። ወስፌውን ሰደደ። በክንዱ ብቻ ነው፤ ደረቱ ሩቅ ነው። ሶሉ ንቅንቅ አላለም። እንደገና ገፋ፤ አሁን ሰውነቱ ሳያስፈቅደው ወደ ፊት ድፍት ሊል ተነሳ፤ ዳሌው ውስጥ አንድ ነገር ጥብቅ ብሎ አስጠነቀቀው፤ ደንግጦ ወደ ኋላ ተመለሰ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ሦስተኛ ጊዜ ጥርሱን ነክሶ በክንዱ ገፋ፤ ወስፌው ወጣ፤ ግን እሱ ባሰበው ቦታ አልወጣም፣ ጠርዙ ጋ ነው የወጣው። ፈትቶ እንደገና መጀመር ይችል ነበር። አልጀመረም። ክሩን አሳለፈ፣ ሳበ፤ አልጠበቀለትም። ሌላ ወጋ። ሌላም። አንዱ ስፌት ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ጭራሽ ወደ ጎን ነው። እስከ ዳር ከደረሰ በኋላ ክሩን በጥርሱ በጥሶ ጫማውን ዘረጋላት።

ሚስቱ ተቀብላው አጠለቀችው። «ቆንጆ ነው» አለች፤ ገና ሳታየው። «ጥሩ ሆኗል። በጣም ቆንጆ ነው።»

ጋሽ ነገና ቀና ብሎ አያት። ጠሟል ብትለው ይድን ነበር። ጠሟል ብትለው፣ የሱ ሥራ ነው፣ እሱም ገና እሱው ነው ማለት ነበር። እሷ ግን አዘነችለት። ሰው ለማያውቀው ሰው እንደሚያዝነው አዘነችለት፤ ያኔ ነገሩ እንዳበቃ አወቀ። ሐኪሙ ሲነግረው ያላመነውን ያን ጊዜ አመነ። ወስፌውን በፎጣው ጠቅልሎ መለሰላትና ደክሞኛል ወደ አልጋዬ መልሱኝ አለ። ሾፌሩም ራዲዮኑን ከፍቶ የማይሰማውን ዜና አዳመጠ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ነገና ለአሰልጣኟ የታዘዘ በሽተኛ ሆነላት። ቁም ሲሉት ይቆማል፣ ሂድ ሲሉት ይሄዳል፣ ደረጃ ሲያስወጡት ይወጣል። እንዲህ ያለ ታማሚ አጋጥሞኝ አያውቅም አለች፤ ለሌሎቹም ምሳሌ አድርጋ ታሳያቸዋለች። እሱ ግን እምቢ ለማለት የሚሆን ጉዳይ ስላልቀረው ነበር የሚታዘዘው። ምግቡን ግማሹን ይተዋል። ጠያቂ ሲመጣ የተኛ ይመስላል። ሚስቱ እቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ልትነግረው ትሞክራለች፤ በረንዳው ላይ ወንበር አወጣልሃለሁ፣ መንገደኛ ታያለህ ትለዋለች። የትኛውን መንገደኛ? ከበረንዳ ላይ የሚታየው አናት ነው።

ከሆስፒታል ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በመጠየቂያው ሰዓት፣ ከኮሪደሩ ኮቴ ሰማ። ቀኙ ይረግጣል፣ ግራው ትንሽ ይጎተታል፤ ተረከዝ የሚበላው ያ አረጋገጥ ነው።

«የሦስተኛው ፎቅ አስተማሪ መጣች» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

እውነትም አስተማሪዋ ገባች። ብርቱካን ይዛለች። ጫማዋን ለሱ የሰጠችው ሆስፒታል ሊገባ ሲል ነበር፤ የግራው ተረከዝ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። በመጨረሻው ቀን እንኳ በሩን እየዘጋ «ነገ ነይ» ብሏት ነው የሄደው። አሁን አልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ እግዜር ይማርዎት ብላ፣ ፎቁ ቤት ያለ እርስዎ ጭር ብሏል አለችው፤ ሰዎች በልማድ ደረጃው ሥር ጎንበስ እያሉ እንደሚያዩ፣ የተዘጋውን በር እያንኳኩ እንደሚያልፉ ነገረችው። ሚስቱ ከአልጋው ግርጌ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። አሰልጣኟ ለነገው መውጫ መደገፊያውን ልታስተካክል መጥታ በር ላይ ቆማለች።

አስተማሪዋ ፊቱ አልፈታ ሲላት አንድ ነገር አሰበች። ደግ ነገር ያሰበች መስሏታል። ፈገግ አለችና ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ እዚያ ደረጃው ሥር በሩ ላይ ቆማ እንደምትጠይቀው አድርጋ ጠየቀችው።

«እህሳ ጋሼ፣ ለጫማዬ መቼ ልምጣ?»

ሾፌሩ ጨዋታው ገባውና በክርኑ ቀና አለ። አሰልጣኟም ስሙ ከየት እንደመጣ ሰምታ ስለነበር መደገፊያውን ይዛ በፈገግታ ቆመች። ሁሉም መልሱን ያውቀዋል፤ ሁሉም ከሱ አፍ ሊሰማው ይጠብቃል። ቃሉ ራሱ ተነስቶ ምላሱ ጫፍ መጣ፤ የልማድ ነገር ነው፣ ዕድሜ ልኩን ያለውን ቃል ለማለት ማሰብ እንኳ አያሻውም ነበር። ጋሽ ነገና አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ገጠመው። በዓይነ ሕሊናው ጫማዋን አየው፤ ጥቁር ነው፣ መደርደሪያው ላይ በግራ በኩል ነው ያለው፣ የሚያስፈልገው አንድ ተረከዝና ጥቂት ምስማር ነው፤ ጎበዝ ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሳ የሚጨርሰው ነው።

«ቁልፉ ከባለቤቴ ጋ ነው» አላት። «አውጪውና ሌላ ሰው ጋ ውሰጂው።»

አስተማሪዋ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሐል ላይ ቆመ። «እንዴ፣ እኔ እኮ አልቸኩልም ጋሼ። እጠብቅዎታለሁ። ነገም ይሁን ከነገ ወዲያ…»

«ውሰጂው የኔ እህት። የሌሎቹንም ይውሰዱ በያቸው።»

አሰልጣኟ የመደገፊያውን ቁመት መልሳ መላልሳ ትለካ ጀመር። አልጋው ግርጌ የተቀመጠችው ሚስቱ ደግሞ፣ ማንም ሳያያት፣ ያንን ጠማማ ስፌት ያለበትን የቀኝ ጫማዋን ወደ ወንበሩ ሥር ቀስ አድርጋ ሳበችው።